ፀረ-ታንክ መሣሪያ አስቀድሞ በእግረኛው እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ

መግቢያ

በታኅሣሥ ወር 1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የጎጃም ገዥ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ የሚመሩት ጦር ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ረጅሙን ጉዞ በእግሩ ካጠናቀቀ በኋላ፣ የተከዜን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሽሬ ገሠገሠ። ታኅሣሥ 5 ቀን የጦሩ ግንባር ቀደም ክፍል ደምበጊና በተባለው የተራራ በር ላይ ከኢጣልያ ጦር ጋር ተጋጠመ። በዚያ ቀን ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የያዘ እግረኛ ብረት ከለበሰ ታንክ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቶ ድል ነሣ። ይህ ድርጊት በወረራው ዘመን ታሪክ ውስጥ ከሚያኮሩት ገጾች እንደ አንዱ ሲነገር ኖሯል። ይሁን እንጂ ድሉ የተገኘበት የሕይወት ዋጋ ሲታሰብ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አንድ ሰው ተሸክሞት የሚሄድ፣ የታንክን ብረት የሚበሳ መሣሪያ በዚያን ጊዜ በእግረኛው እጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይከተል ነበር?

«ቢሆን ኖሮ» የሚለው ጥያቄ ለጨዋታ ያህል ብቻ ሲነሣ ፍሬ የለውም። በሥነ ሥርዓት ሲጠየቅ ግን የሆነው ነገር ለምን እንደሆነ ለማየት ይረዳል። ለዚህም ሁለት ነገሮች ሊጠበቁ ይገባል። አንደኛው፣ በዘመኑ ያልነበረ ዕውቀት ለዘመኑ ሰዎች እንዳይሰጥ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ፣ አንዱ ወገን አዲስ መሣሪያ ሲያገኝ ሌላው ወገን እጁን አጣምሮ ይቀመጣል ተብሎ እንዳይገመት ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚቀርበው ምርመራ በእነዚህ ሁለት ወሰኖች ውስጥ የሚሄድ ነው።

ሀ. የታንክና የታንክ መውጊያው ውድድር

ታንክ ለመጀመሪያ ጊዜ በጦር ሜዳ የታየው እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 በፈረንሳይ ምድር በሶም ግንባር ሲሆን፣ ያሰለፉትም እንግሊዞች ነበሩ። ድንጋጤው ብዙ ጊዜ አልቆየም። ጀርመኖች መጀመሪያ የእጅ ቦምቦችን በአንድነት አስረው ከታንኩ ሥር መወርወር ጀመሩ፤ ለተራው ጠመንጃም ብረት የሚበሳ ጠንካራ እምብርት ያለው ጥይት አከፋፈሉ። በመጨረሻም በ1918 የማውዘር ፋብሪካ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥይት የሚተኩስ ታላቅ ጠመንጃ ሠርቶ አወጣ። ይህ ጠመንጃ ከነእግሩ ወደ 18 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ሁለት ሰዎች የሚሠሩበት፣ ከ100 ሜትር ርቀት ላይ እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ለመብሳት የሚችል መሣሪያ ነበር። ጦርነቱ እስኪያበቃ ድረስ ከ15 ሺህ በላይ ተሠርቷል። እንግዲህ በእግረኛ እጅ የሚያዝ ፀረ-ታንክ መሣሪያ ኢትዮጵያ ከመወረሯ 17 ዓመት አስቀድሞ በዓለም ላይ ነበረ ማለት ነው።

ከጠመንጃው ይልቅ የሚያስገርመው የሮኬቱ ታሪክ ነው። ሮበርት ጎዳርድ የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1918 መጀመሪያ ላይ፣ በሰው እጅ ሊያዝ ከሚችል ቀላል ቱቦ የሚወነጨፍ ሮኬት ለአሜሪካ ጦር ሹማምንት በአበርዲን የመሣሪያ መፈተኛ ሜዳ አሳየ። ሙከራው የተሳካ ነበር። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ የተኩስ ማቆም ስምምነት ስለተፈረመ ነገሩ በመዝገብ ቤት ተቀመጠ። በሌላ በኩል፣ ፈንጂ በአንደኛው ፊቱ እንደ ጽዋ ተቦርቡሮ ሲሠራ ኃይሉ በአንድ አቅጣጫ ተሰብስቦ ብረት እንደሚበሳ፣ ቻርለስ ሞንሮ የተባለው ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ደርሶበት ነበር። የተቦረቦረው ፊት በስስ ብረት ቢሸፈን ደግሞ የመብሳት ኃይሉ እጅግ እንደሚበረታ በ1930ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በአውሮፓ ታወቀ።

ሮኬቱና የተቦረቦረው ፈንጂ አንድ ላይ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። የተወለደውም መሣሪያ ባዙካ የተባለው ነበር። በማግሥቱ ዓመት ጀርመኖች ፓንዘርፋውስትን፣ እንግሊዞች ፒያትን አወጡ። ስለዚህ ባዙካን ለመሥራት ከሚያስፈልጉት ሁለት ዕውቀቶች አንደኛው ለ24 ዓመታት፣ ሁለተኛው ከ50 ዓመታት በላይ ተለያይተው ተቀምጠዋል። ዕውቀቱን ያገናኘው የሊቃውንት አዲስ ግኝት ብቻ አልነበረም። ወፍራም ብረት የለበሱ ታንኮች በብዛት መጥተው ታላላቆቹን መንግሥታት ራሳቸውን ባስጨነቁ ጊዜ ገንዘቡም ትእዛዙም ተገኘ። ታንክ ያስጨነቃቸው የሌላ አገር ሰዎች በነበሩበት ጊዜ ግን የቸኮለ አልነበረም።

ለ. በ1928 ዓ.ም. የዘመተው ታንክ ምን ዓይነት ነበር?

«ታንክ» የሚለው ቃል ዛሬ ሲሰማ በሕሊና የሚመጣው 40 ቶንና ከዚያ በላይ የሚመዝን፣ ታላቅ መድፍ ያለው መሣሪያ ነው። ኢጣልያ ወደ ኢትዮጵያ በብዛት ያመጣችው ግን ከዚህ እጅግ የተለየ ነበር። በእንግሊዞቹ ካርደን ሎይድ አምሳያ የተሠራው ይህ ትንሽ ታንክ ከሦስት ቶን እምብዛም አይበልጥም፤ ከመሬት ያለው ከፍታ ከአንድ ሰው ደረት አያልፍም። የሚሠሩበት ሰዎች ሁለት ሲሆኑ አንዱ ነጂ፣ ሌላው ተኳሽ ነበር። መድፍ አልነበረውም፤ የታጠቀው መትረየስ ነው። የፊቱ ብረት ውፍረት ከ14 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ የጎኑና የኋላው ደግሞ ከዚህ ያንሳል።

ከሁሉም የበለጠ ጉድለቱ የሚሽከረከር ማማ የሌለው መሆኑ ነበር። መትረየሱ በፊቱ ላይ ተተክሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ብቻ ስለሚዞር፣ ታንኩ ጎኑንና ጀርባውን ለመከላከል አይችልም። በሜዳ ላይ ጓደኛው ይጠብቀዋል፤ በጠባብ በር ውስጥ ግን እያንዳንዱ ታንክ ብቻውን ነው።

እንግዲህ ቁጥሮቹን ማስተያየት አያስቸግርም። በ1918 የተሠራው የጀርመን ጠመንጃ 20 ሚሊ ሜትር ብረት ከበሳ፣ በ1928 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1935-36) የመጣው የኢጣልያ ታንክ 14 ሚሊ ሜትር ብረት ሊያድነው አይችልም ነበር። የኢትዮጵያ ጦር ታንኩን ለመምታት ገና ያልተፈለሰፈ መሣሪያ አላስፈለገውም፤ የአንድ ትውልድ ዕድሜ ያለው፣ በአውሮፓ የጦር ግምጃ ቤቶች አቧራ የለበሰ መሣሪያ ይበቃው ነበር። ከአብዛኛው ወታደር ትከሻ ላይ የነበሩት ውጅግራ፣ ለበንና ልዩ ልዩ ምንሽሮች ግን የብረቱን ቀለም ከመፋቅ አያልፉም ነበር።

ሐ. ደምበጊና

በተከዜ ማቋረጫ አካባቢ የነበረው የኢጣልያ ጦር በሻለቃ ክሪኒቲ የሚታዘዝ ሲሆን፣ 1,000 ያህል የኤርትራ ተወላጅ ወታደሮችና ዘጠኝ ያህል ትንንሽ ታንኮች ነበሩት። የራስ እምሩ ጦር ወንዙን በሌሊት በአንድ ቦታ ብቻ አልተሻገረም። አንደኛው ክፍል በማቋረጫው ፊት ለፊት ሲታይ፣ ሌላው ርቆ ተሻግሮ ከጠላት ጀርባ ያለውን የደምበጊናን በር ያዘ። ክሪኒቲ ወደ ኋላ ለማፈግፈግ ሲነሣ መንገዱ ተዘግቶ አገኘው፤ መንገዱን እንዲከፍቱለትም ታንኮቹን ወደ ፊት ላከ።

ታንኮቹ መጀመሪያ ላይ ብዙ ሰው ፈጁ። በጥይት እንደማይመለሱ የተረዱት ተዋጊዎች ግን የታንኩን ዓይነ ስውርነት ፈጥነው አወቁት። ከፊቱ እየሸሹ ከጎኑና ከጀርባው ቀረቡት፤ ከተራራው ቋጥኝ እያንከባለሉ መንገዱን ደፈኑበት። ሰንሰለቱ በድንጋይ ሲያዝና መዞር ሲያቅተው ዘለው ወጡበት፤ የመትረየሱን አፈሙዝ በያዙት ነገር ሁሉ እየመቱ አጣመሙት፤ በማያ ቀዳዳውም ተኮሱ። ለእርዳታ ከሰለክለካ የተላከው ሌላ የታንክና የካሚዮን ሰልፍም በተመሳሳይ መንገድ ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ተዘግቶ ተጠቃ። ከታንኮቹ አብዛኞቹ በዚያው ቀሩ፤ ብዙ መትረየስም ተማረከ። ጠላት ወደ አክሱም አቅጣጫ ሲያፈገፍግ የሽሬ አውራጃ ክፍል ከእጁ ወጣ።

በደቡብ ምሥራቅም ከዚህ አንድ ወር ያህል ቀደም ሲል፣ ኅዳር 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ በኦጋዴን አናሌ በተባለው ስፍራ ከጎራሄ የሚያፈገፍገውን የኢትዮጵያ ጦር ሲያሳድድ የነበረ የጠላት ብረት ለበስ ክፍል ጉዳት ደርሶበት፣ ከትንንሽ ታንኮቹ ጥቂቶቹን ጥሎ ተመልሷል። ስለዚህ የደምበጊና ድል እንዲያው በአጋጣሚ የሆነ ነው ሊባል አይቻልም። ጠባብ መንገድ፣ ደፋር እግረኛና ከኋላው የማያይ ታንክ በተገናኙበት ቦታ ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር።

ነገር ግን እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በባዶ እጅ ታንክ ማሸነፍ የሚቻለው ታንኩ ወደ ሰው ሲመጣና መሬቱ ሲያግዝ ብቻ ነው። ሰው ወደ ታንኩ በሜዳ ላይ መሄድ ባለበት ጊዜ ሁሉ ጀግንነቱ ራሱ ይፈጀዋል። በ100 ሜትር ርቀት ላይ ከድንጋይ ጀርባ ተኝቶ የሚተኩስ ሁለት ሰው፣ 50 ሰው በጎራዴ የሚሠራውን ሥራ ሠርቶ በሕይወት ሊመለስ ይችል ነበር። የመሣሪያው አለመኖር ዋጋ በድሉ ቀን እንኳ ሲከፈል የዋለ ዕዳ ነው።

መ. መሣሪያው ነበረ፣ በሩ ግን ተዘግቶ ነበር

አርባ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ዐድዋን ማስታወስ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ጦር ወደ 40 የሚጠጉ መድፎች ነበሩት፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ በዘመኑ አዲስ የነበሩ ፈጣን ተኳሽ የሆችኪስ መድፎች ናቸው። ጠመንጃውና መድፉ ከፈረንሳይ፣ ከሩሲያና ከኢጣልያ ከራሷ ሳይቀር በግዢና በስጦታ የመጣ ነበር። በዚያ ጦርነት በመድፈኛነታቸው ስማቸው የገነነው ባልቻ ሳፎ (አባ ነፍሶ) ከጠላት የማያንስ መሣሪያ በእጃቸው ነበር። እኚሁ ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ በስተርጅና በ1928 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባን ከጠላት ለማስለቀቅ በታቀደው ዘመቻ ውስጥ ተሰልፈው፣ በ1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ወደቁ። የመጀመሪያው ባልቻ መድፍ ነበራቸው፤ የኋለኛው ባልቻ የነበራቸው ቆራጥነት ነው። በአዲስ አበባ በልደታ ክፍለ ከተማ በስማቸው በሚጠራው ሆስፒታል በር የሚያልፍ ሰው፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የተፈጸመውን ይህን የኃይል ሚዛን መገልበጥ ሊያስብ ይገባል።

ሚዛኑ የተገለበጠው ኢትዮጵያውያን የአዳዲስ መሣሪያን ጥቅም ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ነሐሴ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. በፓሪስ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይ፣ በኢጣልያና በኢትዮጵያ መካከል የተፈረመው የጦር መሣሪያ ውል፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለመንግሥታቸው የሚያስፈልገውን መሣሪያ የማስመጣት መብታቸውን ያውቅላቸው ነበር። ሆኖም ኢትዮጵያ የባሕር በር ስላልነበራት መሣሪያው የሚያልፈው ውሉን በፈረሙት በሦስቱ መንግሥታት ቅኝ ግዛቶች በኩል ነበር። ዋናው መንገድ የጅቡቲ ምድር ባቡር ነው። ስለዚህ የመግዛት መብት በኢትዮጵያ እጅ፣ የማሳለፍ ሥልጣን ደግሞ በሌሎች እጅ ሆነ።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ዝግጅት ለዓለም ሁሉ በታየ ጊዜ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን የመሣሪያ መሸጫ ፈቃድ ከለከሉ። ይህ እገዳ ላይ ላዩን ሲታይ ሚዛናዊ ይመስላል። ነገር ግን ኢጣልያ ታንኩንም፣ አውሮፕላኑንም፣ ጥይቱንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራ ነበርና እገዳው የከለከላት ነገር የለም። እገዳው የከለከለው መሣሪያዋን ሁሉ በግዢ የምታገኘውን ኢትዮጵያን ብቻ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር በኢትዮጵያ ላይ የነበረውን እገዳ እንዲነሣ ያደረገው ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መሣሪያ ማዘዣው፣ ማጓጓዣውና ማስተማሪያው ጊዜ አልፎ ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው፣ በዚያ ጭንቅ ወራት በምስጢር ከሸጡት መንግሥታት አንዷ የሂትለር ጀርመን መሆኗ ነው። ጀርመን በዚያን ጊዜ በኦስትሪያ ነገር ከሙሶሊኒ ጋር ተቃቅራ ስለነበር፣ ኢጣልያ በአፍሪካ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ብትጠመድ ትጠቀም ነበር። ስለዚህ የፋብሪካ ምልክታቸው የተፋቀ ጠመንጃዎችና ጥይቶች፣ ከነሱም ጋር ጥቂት ፀረ-ታንክ መድፎች ላከች። ይህም ቢሆን በቁጥር ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ፣ በጊዜም የዘገየ ነበር። ከስዊስ የተገዙት የ20 ሚሊ ሜትር ኦርሊኮን መድፎችም ጥቂቶች ስለነበሩ ለፀረ-አውሮፕላን ተግባር ብቻ እንኳ አልበቁም።

ሠ. የሌሎች አገሮች ምሳሌ

መሣሪያ አስቀድሞ መገኘቱ ብቻውን እንደማይበቃ የፖላንድ ታሪክ ያስረዳል። ፖላንዶች በ1935 እ.ኤ.አ. እጅግ ጥሩ የሆነ ፀረ-ታንክ ጠመንጃ ሠርተው ነበር። የጀርመንን ቀላል ታንኮች ለመብሳት የሚችል መሣሪያ ነው። ምስጢሩ እንዳይወጣ ሲሉ ግን ለደቡብ አሜሪካዊቷ ለኡራጓይ የሚሸጥ ዕቃ አስመስለው በታሸገ ሣጥን አስቀመጡት። ወታደሮቹ በመሣሪያው እንዲለማመዱ የተፈቀደው በ1939 የጀርመን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ነበር። መሣሪያው በተተኮሰበት ቦታ ሁሉ ሥራውን ሠርቷል፤ ነገር ግን ከጠላት የተደበቀው መሣሪያ ከባለቤቱም ተደብቆ ሰንብቷል።

ፊንላንድ ደግሞ ሌላውን ገጽ ታሳያለች። በ1939 ክረምት የሶቪየት ታንኮች ሲመጡባት በቂ ፀረ-ታንክ መሣሪያ አልነበራትም። የመንግሥቱ የአልኮል መጠጥ ፋብሪካ ከ500 ሺህ በላይ ተቀጣጣይ ጠርሙሶች ሞልቶ ለጦር ሜዳ ላከ። ፊንላንዳውያን በጫካና በበረዶ መካከል በጠባብ መንገድ የተሰለፉ ታንኮችን እንደ ደምበጊና ተዋጊዎች ከጎን እየቀረቡ አቃጠሉ። ልዩነቱ ፊንላንድ ጠርሙሱን የሚሞላ ፋብሪካ፣ የሚያመላልስ ባቡርና አስቀድሞ የሠለጠነ የብሔራዊ ውትድርና ተጠባባቂ የነበራት መሆኑ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ምሳሌዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። መሣሪያ ኃይል የሚሆነው አቅራቢ፣ መንገድና የሠለጠነ ሰው ሲሟሉለት ነው።

ረ. እንግዲህ ቢገኝ ኖሮ?

ለምርመራው ያህል በ1922 ዓ.ም. ውል መሠረት፣ ኢትዮጵያ 1,000 ያህል ፀረ-ታንክ ጠመንጃዎች ከነበቂ ጥይታቸው ገዝታ አስገብታ ነበር ተብሎ ይገመት። ግምቱ ከመጠን ያለፈ አይደለም፤ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ከመድፍ ይልቅ ርካሽ ነው፤ ጎማና ጎታች አያስፈልገውም፤ በቅሎ ይጭነዋል፤ ሲራጥ መንገድ በሌለበት አገር ሁለት ሰው እየተቀባበለ ይሸከመዋል። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የተከፈተው የሆለታ ገነት የጦር ትምህርት ቤት ደግሞ አስተማሪዎችን ሊያፈራለት ይችል ነበር።

በመጀመሪያ ለውጡ የሚታየው በደቡብ ግንባር ነው። በጥር ወር 1928 ዓ.ም. ጄኔራል ግራዚያኒ በገናሌ ዶርያ በኩል የራስ ደስታ ዳምጠውን ጦር የበተነው በካሚዮን በተጫነ እግረኛ፣ በብረት ለበስ መኪናዎችና በአውሮፕላን ነበር፤ ጥር 11 ቀንም ነገሌን ያዘ። በዚያ ደረቅ አገር ውሃ ያለበትን ቦታ ፈጥኖ የያዘ ያሸንፋል፤ ፍጥነቱን የሰጠው ደግሞ ሞተር ነው። ብረት ለበሱ ግንባር ቀደም በየጉድጓዱ ሲመታበት ግራዚያኒ በዚያ ፍጥነት ሊገሠግስ ባልቻለም ነበር። ሆኖም ሜዳማ መሬት ለተኳሹም መሸሸጊያ ስለማይሰጥ፣ ጥቅሙ ጠላትን ከማዘግየት ያለፈ መሆኑ ያጠራጥራል።

ሁለተኛው በመጨረሻዎቹ ቀናት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. ማርሻል ባዶሊዮ 1,700 የሚጠጉ ተሽከርካሪዎች አሰልፎ ወደ ዋና ከተማው ሲነሣ፣ ጣርማ በር ላይ እንዲከላከሉ የተላኩት የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ነበሩ። ቁጥራቸው ጥቂት፣ መሣሪያቸውም ቀላል ነበር። የመንገዱ መበላሸት ብቻውን ያን ረጅም ሰልፍ እንዳዘገየው ሲታሰብ፣ በተራራው መታጠፊያ ላይ ፊተኛውን መኪና ለመምታት የሚችሉ ጥቂት የሠለጠኑ ሰዎች ቢጨመሩ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ አይገባም ነበር ማለት ይቻላል። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ዘግይቶ ግን ይገባ ነበር።

በዋናው የሰሜን ግንባር ደግሞ ነገሩ የተለየ ነው። በተንቤን፣ በአምባ አራዶምና መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረጉትን ውጊያዎች የወሰኑት መድፍና አውሮፕላን ናቸው፤ ታንኩ ከነሱ ኋላ የሚቆጠር ነው። የራስ እምሩ ጦር ራሱ ታንክን ድል በነሣ በስምንተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 13፣ በተከዜ አካባቢ ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ ወረደበት። በጄኔቫ በ1925 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ፕሮቶኮል ይህን መርዝ የከለከለ ሲሆን ኢጣልያም አጽድቃው ነበር። መርዙ ግን ከጦርነቱ በፊት ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተጓጉዞ በመጋዘን ተቀምጦ ይጠባበቅ ነበር። የሚረግፈው ጠል እጅን፣ እግርንና ፊትን ያቃጠለው ጀግና፣ ታንክን የሚያሸንፍበት ልብ ነበረው፤ ከሰማይ የሚወርደውን የሚመልስበት መሣሪያ ግን አልነበረውም። ፀረ-ታንክ ጠመንጃ 1,000 ቀርቶ 10,000 ቢኖረው በዚህ ነገር አይረዳውም። ይልቁንም ታንኩ ባይረባው ኖሮ ጠላት በመርዙና በአውሮፕላኑ ላይ አብዝቶ ይተማመን ነበር ተብሎ ሊታሰብ ይገባል።

እንግዲህ መሣሪያው ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅምበት ጊዜ ማይጨው ካለፈ በኋላ የነበረው የአርበኝነት ዘመን ነው። በነዚያ ዓመታት የጠላት አስተዳደር ከምሽግ እስከ ምሽግ በተዘረጋ መንገድ ላይ የቆመ ነበር። እህሉ፣ ጥይቱና ደመወዙ በካሚዮን ይጓዛል፤ ካሚዮኑን ብረት ለበስ መኪና ያጅበዋል። በሸዋ፣ በጎጃምና በጎንደር ይዋጉ የነበሩት አርበኞች መንገድ የመቁረጥን ጥበብ ያውቁ ነበር፤ ያገዳቸው በየጊዜው አጃቢው ብረት ለበስ ነው። አንድ ሰው ተሸክሞት ከገደል ወደ ገደል የሚወርድ፣ ሌሊት ተቀብሮ ቀን የሚወጣ መሣሪያ ለዚህ ዓይነት ውጊያ እንደ ተሠራ ይቆጠራል። ይህ መሣሪያ በአርበኛው እጅ ቢኖር፣ ምሽጎቹ እየተራቡ የጠላት ግዛት ወደ ከተሞችና ወደ ባቡር መስመሩ ይሰበሰብ ነበር ማለት ከእውነት የራቀ ግምት አይደለም። የዚያኑ ያህልም የበቀሉ ጽዋ ሊመር ይችል ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የተፈጸመው ጭፍጨፋ፣ ጠላት ለሁለት የእጅ ቦምብ ወርዋሪዎች የሰጠው መልስ ምን ያህል እንደነበር ያሳያልና።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል፣ የእግረኛ ፀረ-ታንክ መሣሪያ አስቀድሞ ቢገኝ ኖሮ የ1928ቱ ጦርነት መጨረሻ ይለወጥ ነበር ለማለት አያስደፍርም። ብዙ ሕይወት ይድን ነበር፤ የጠላት ግሥጋሴ ይዘገይ ነበር፤ የአርበኞቹ ትግልም ይበረታ ነበር። ከዚህ በላይ ያለውን የወሰኑት ሰማዩን የያዘው አውሮፕላንና መንገዱን የያዘው ውል ናቸው።

ይልቁንም የጥያቄው አነሣሥ ራሱ መታረም ይገባዋል። «መሣሪያው አስቀድሞ ቢፈለሰፍ ኖሮ» የሚለው አነጋገር መሣሪያው እንዳልነበረ ያስመስላል። ነበረ። ለኢጣልያ ታንክ የሚበቃው ጠመንጃ በ1918 ተሠርቶ፣ ተተኩሶ፣ ተማርኮ በአውሮፓ ግምጃ ቤቶች ተቀምጦ ነበር። የጎደለው ዕቃውን ከግምጃ ቤቱ እስከ ተከዜ የሚያደርሰው መንገድ፣ ፈቃድና ጊዜ ነው። ይህም የፈጠራ ታሪክ ብቻውን የቴክኒክን ታሪክ እንደማይገልጽ ለባለሙያው ያስገነዝባል። አንድ ግኝት ከሊቁ ጠረጴዛ ተነሥቶ ከተጠቃሚው እጅ እስኪደርስ የሚያልፍበት ደጅ ብዙ ነው፤ የደጆቹም ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ በመሐንዲሱ እጅ አይደለም።

ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1969 ዓ.ም.፣ የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን በገባ ጊዜ ታንክ በዚያው ምድር ላይ እንደገና ታየ። ያን ጊዜ አር ፒ ጂ 7 የተባለው፣ በትከሻ ላይ ተደግፎ የሚተኮሰው ሮኬት፣ የጎዳርድና የሞንሮ ዕውቀቶች ልጅ፣ በሁለቱም ወገን እግረኞች እጅ ነበረ። ጦርነቱን የወሰነው ግን እርሱ ብቻ አልነበረም፤ አየር ኃይሉ፣ መድፈኛው፣ ስንቁና ከውጭ የመጣው እርዳታ ተደማምረው ነው። መሣሪያው እንደ ልብ በተገኘበት ዘመን የታየው ይህ እውነት፣ መሣሪያው ባልተገኘበት ዘመን ላይ የተሰጠውን ፍርድ ያጸናዋል።

በአዲስ አበባ ልደታ ከነጻነት በኋላ የተደረገ አንድ ነገር እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። በ1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን የጀመረው፣ ጄት አውሮፕላኖች መጥተው ቦሌ እስኪሠራ ድረስም የኖረው፣ በልደታ የአውሮፕላን ማረፊያ ነበር። አሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ አስቀድሞ ሰማዩ የጠላት ብቻ ለሆነባት አገር፣ አውሮፕላን መግዛት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አልነበረም። አብራሪውን፣ መካኒኩንና መሐንዲሱን ከራሷ ልጆች ማፍራት ጀመረች። የደምበጊና ተዋጊዎች ያልነበራቸውም ይኸው ነው፤ ልብ ሞልቷቸው ነበር፣ ከኋላቸው ግን መሣሪያ የሚሠራ፣ የሚጠግንና የሚያስተምር ባለሙያ፣ ለዚያም ባለሙያ የተከፈተ በር አልነበረም።